የቫኑ ወለልና የአባባ ጫማ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አጸደ ሙሉነህ፣
ኮምቦልቻ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ትራስ ደግፈሽ ነው የምትቀመጪው? ጋሽ ክፍሌስ ደህና ነው? አቢይ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? አክስቴ ጠጂቱስ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ እዚህ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። ውብአለም ደህና ናት፣ ናዝራዊትም ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ነው። ያልተመቸን ብርዱ ብቻ ነው፤ እሱም እኛን ለይቶ አይደለም፣ ሀገሬውንም ያንቀጠቅጠዋል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዲህ ተቆጥተሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም። አባታችንን በሁለት እግራቸው ሰጥቼህ በአንድ እግር ልትመልስልኝ ነው ወይ ያልሽው ነገር ሆዴ ገብቷል፣ ግን አልቀየምኩሽም። ወሬውን ያመጡልሽ አክስቴ ጠጂቱ እንደሆኑ ጽፈሻል፤ እሳቸው ከማን እንደሰሙትም ገምቻለሁ። ለጥምቀት ከዚህ ወደ አገር ቤት የገባች አንዲት ወይዘሮ አለች። ከቶሮንቶ ሲነሣ የተወጋ እግር የነበረው ወሬ ኮምቦልቻ ሲደርስ የተቆረጠ እግር ሆኖ ቁጭ አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ መስማት የምትፈልጊውን ልንገርሽ። ይህን ስጽፍ የአባባ እግር በቦታው አለ፣ ጣቶቹም ሙሉ ናቸው። ሊቆረጥ ግን ቀርቦ ነበር። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ብደብቅሽም አክስቴ ጠጂቱ አሉልሽ። ቁስሉ አሁን የት እንደደረሰ በተራው እነግርሻለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከቫኑ ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ፎቶውን የላክሁልሽ ነጩ ቫን አሁን ነጭ ነው ለማለት ያስቸግራል። እዚህ ከተማ በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። አዎ፣ ጨው፤ ፍሬው የሽምብራ ያህል ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። አባባ መጀመሪያ ያዩት ቀን የአፋር ነጋዴ ይህን ቢያይ ያብዳል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እንደምታውቂው የጽዳት ሥራ ነው የያዝኩት። ማታ ማታ ሠራተኞቼን ከየቤታቸው እለቅምና ቢሮ ለቢሮ እንዞራለን። የወለል ማሽኑ፣ ባልዲው፣ መወልወያው፣ የቆሻሻ ከረጢቱ ሁሉ የሚጫነው ቫኑ ላይ ነው። የቫኑ ወለል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ምንጣፍ ነበር። ቫኑን የሸጠልኝ ሰው በዚያ ምንጣፍ ሲኮራ ለጉድ ነበር። ጨው ያለበት በረዶ በየሰዉ ጫማ እየገባ ሲቀልጥ ምንጣፉ ጠጥቶ ጠጥቶ በመጨረሻ ዝናብ እንደመታው በግ መሽተት ጀመረ።

አባባ በመስከረም የመጡ ዕለት ከአውሮፕላን ጣቢያ የተቀበልኳቸው በዚሁ ቫን ነው። አንድ ነገር እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የአሰብን መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸውና የልጃቸውን መኪና ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነው የሄድኩት። ዞር ዞር ብለው አዩት፣ የፊቱን ጎማ በጫማቸው ጫፍ መታ አደረጉና አልቋል፣ ቀይረው አሉኝ። በቃ። ፊቴን መልሼ ሻንጣውን ጫንኩ።

ከዚያ በሩን ስከፍትላቸው ጫማቸውን አወለቁ። አንዱን አወለቁ፣ በሩን ተደግፈው ሌላውን አወለቁ፣ ሁለቱንም በአንድ እጃቸው ይዘው በካልሲ ገቡ። እኔ ሳቅሁ። ድካም ነው፣ እግራቸው አብጦ ይሆናል አልኩ። በማግሥቱም ያው ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም፣ ገበያ ስንሄድም፣ ሐኪም ቤት ስንሄድም ያው። አባባ ግድ የለም፣ በጫማ ይግቡ እላቸዋለሁ፤ እሺ ይሉኛል፤ በነጋታው በሩ ላይ ቆመው ያወልቃሉ። የአባታችንን እሺ ታውቂው የለም? እሺ ካሉ አልሰማሁም ማለት ነው። ውብአለም እንግድነት ተሰምቷቸው ነው አለች። እኔ ደግሞ ምንጣፍ ስላዩ ሳሎን መስሏቸው ነው አልኩ። ናዝራዊት ጨዋታ መሰላትና እሷም ታወልቅ ጀመር።

በረዶው ሲመጣ ጨዋታነቱ ቀረ። ከምንኖርበት ሴንት ጄምስ ታውን ካለው ሕንፃ በር ወጥተው፣ ነፋሱ ከረቫታቸውን ወደ ኋላ እየወሰደው፣ በአንድ እግር በረዶ ላይ ቆመው የጫማ ማሰሪያ ይፈታሉ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ቫኑ ውስጥ ገብተው ደግሞ በዚያ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ካልሲያቸውን አጣብቀው ይቀመጣሉ። የስኳሩ በሽታ እግራቸውን እንዳደነዘዘው አንቺም ታውቂያለሽ፤ ብርዱም እርጥበቱም አይሰማቸውም።

ቁስሉን ያየችው ናዝራዊት ናት። ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሳለ ካልሲያቸው ላይ ጥቁር ነገር አየችና በእንግሊዝኛ ጠራችኝ። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም፣ ምን ይደረግ። ካልሲውን ሳወልቀው ከደም ጋር ደርቆ ተጣብቋል። ከአውራ ጣታቸው ሥር አንዲት የታጠፈች የስቴፕለር ሽቦ ተሰክታለች። ከቢሮ ቆሻሻ ከረጢት እየረገፈ ምንጣፉ ውስጥ ከሚቀበረው መሆን አለበት። መቼ እንደገባች እሳቸውም አያውቁም። አባባ፣ አልተሰማዎትም? ብላቸው ምኑ? አሉኝ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ነገር አታለባብስም። መመረዙ አጥንት ጋ ከደረሰ ጣቱ ይሄዳል፣ በዚያም ላይቆም ይችላል አለች። ቁስሉ ቶሎ ቶሎ እየተጠረገ መታሰር አለበት፣ ከአሁን ወዲያ ቤት ውስጥም ውጭም ያለ ጫማ እግራቸው መሬት እንዳይነካ አለች። ውብአለም በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት በዚሁ ነገር እግራቸውን ያጡ ሰዎች አይታለችና አንዱንም ሳታስቀር አስተረጎመችላቸው። አባባ በጥሞና አዳመጡ፣ ሐኪሟንም አመስግነው እጅ ነሡ። ወደ ቫኑ ስንደርስ በሩን ይዘው ጎንበስ አሉና ማሰሪያቸውን ፈቱ።

እትዬ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት የመኪና ማቆሚያ ላይ። ጫማቸውን መልሰው አሰሩና ገቡ። ግን መንገዱን ሁሉ እግራቸውን ከወለሉ ላይ አንሥተው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ነው ቤት የደረሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ጋዜጣ ይዘው መጥተው ከሥራቸው አነጠፉ። ጋዜጣው ርሶ ተቀደደ። ከዚያማ ጭራሽ አልሄድም አሉ። ቁስሉ ራሱ ይድናል፣ እናንተም ከሥራችሁ አትስተጓጎሉ አሉ። ቀጠሮ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። የእግራቸው መዳፍ መጥቆር ጀመረ። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚህ መሃል ነው፤ እንዴት ሆኜ እንዳነበብኩት አንቺው ገምቺው።

ዌስተን በሚባል ሰፈር ጋራዥ ያለው ብርሃኔ የሚባል ጓደኛ አለኝ። የደሴ ልጅ ነው፣ ፒያሳ ያደገ። የፒክአፕ መጫኛ የሚቀባ ነገር አለው። ሲቀባ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ ይጠነክራል። ብረት ቢወረወርበት አይላጥም፣ ውኃም ጨውም አያልፈውም። ገና ክረምቱ ሳይገባ ይህን ምንጣፍ አንሣውና ወለሉን በዚህ ልቀባልህ፣ አለበለዚያ ብረቱን ይበላዋል ብሎኝ ነበር። እሺ እሺ እያልኩ ቸል አልኩት፤ ለካ እሺ ማለቱን ከአባታችን ወርሼዋለሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ምንጣፍ ከሌለ ጫማ የሚወለቅለት ነገር የለም ማለት ነው። በዚህ ብልሃቴ በጣም ኮራሁ። ለውብአለም ስነግራት እስቲ ይሁንልህ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቫኑን ይዤ ሄድኩ። አባባ መኪና ሊፈታ ነው ሲባል ማን ቤት ያስቀራቸዋል? ጋራዥ ነው ሲባሉ ደግሞ ያለ አንዳች ክርክር በጫማቸው ገቡ፤ ብርሃኔ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ሰጣቸው። ወንበሮቹን ለመንቀል ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ብሎኖቹ ዝገው እንቢ አሉ። ምንጣፉን ስንገሽልጠው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እንደ ሊጥ እጃችን ላይ ቀረ። ሽታውን ተይው። ጨው፣ ሳንቲም፣ የናዝራዊት የፀጉር መያዣ፣ ስቴፕለር ሽቦማ በእፍኝ። በሾፌሩ እግር በኩል ብረቱ ተበልቶ የጋራዡ ሲሚንቶ ወለል ብሎ ይታያል። አባባ ተነሥተው መጡና በቀዳዳው ጣታቸውን አሳልፈው አዩት፣ ተመልሰውም ተቀመጡ።

ብርሃኔ ቀዳዳውን በላሜራ ደፈነው፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፣ ወለሉን በማሟሟቻ አጥቦ በብርጭቆ ወረቀት አሻከረው። ልስልስ ብረት ላይ ቀለሙ አይዝም አለኝ። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ጥጋጥጉን ድገመው አሉት፤ ስቆ ደገመው። እኔ ከኋላ በኩል ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ቀለም እንዳይገባባቸው የብሎን ቀዳዳዎቹን በፕላስተር እሸፍናለሁ። ብርሃኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀለሙን እየበጠበጠ አባባን ያጫውታል።

አባቴ፣ በረዶ ላይ ጫማ ያወልቃሉ አሉ፣ እውነት ነው? አላቸው። አባባ ወደ እሱ ዞሩ። ከዚያ እኔ ኤንትሬ ስነዳ በጫማ ጋቢናዬ የገባ ሰው የለም አሉት። ረዳቴም፣ ሹፌር ጓደኛዬም፣ ባለንብረቱም ራሱ ሚሌ ላይ ሊሳፈር ሲመጣ አስወልቄዋለሁ አሉት። ብርሃኔ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ስነዳ የኖርኩት የሰው መኪና ነው፣ የእኔ የምለው አንድ ጎማ እንኳ አልነበረኝም አሉ። ይህ ልጅ በሰው አገር የራሱን ገዛ። ታዲያ የሰውን መኪና በጫማ አላስረግጥም ያልኩ ሰው የልጄን መኪና በጭቃ ልርገጠው? አሉት።

እዚያው እንደተንበረከኩ ቀረሁ። ፕላስተሩ እጄ ላይ ተጠቅልሏል። ያን የኤንትሬውን ጋቢና ቀይ ምንጣፍ ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ አባባ ከመንገድ ሲገቡ ቦርከና ወርደሽ የምታጥቢውን? እኔን ደግሞ በጭቃ እግሬ ረግጬው በጥፊ ያጋደሙኝን? በዚያች ጥፊ ስንት ዓመት አኩርፌያለሁ። ጎማው አልቋል ባሉኝም ከመስከረም ጀምሮ አኩርፌያለሁ። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ቀን በረዶ ላይ ቆመው ሲያወልቁ እኔን ሲያከብሩኝ ኖሯል። ደስ አለኝ፣ እትዬ፣ አላለቅስም የምለውን ሰውዬ እንባ እንባ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ፣ ምክንያቱም ያ የሚያከብሩልኝ ነገር ተገሽልጦ ደጅ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተጥሏል። ብርሃኔ ቀለሙን በጥብጦ ጨርሷል፣ ይህ ቀለም አንዴ ከተበጠበጠ ቶሎ ስለሚደርቅ አይጠብቅም። ልቀጥል? አለኝ። የአባባ እግር ትዝ አለኝና ቀባው አልኩት። ያን ቀን አንዴ፣ በማግሥቱ ሁለተኛ ቀባን። ቫኑ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆነ።

ሰኞ ለቁስል ማሳሰሪያው ልወስዳቸው ቫኑን አሙቄ በሩ ላይ አቆምኩ። እንደ ልማዳቸው በሩን ይዘው ቆሙ። ጎንበስ ሲሉ ሊፈቱ ነው አልኩ። አልፈቱም። በመዳፋቸው ወለሉን ዳሰሱት። ውኃ ይጎዳዋል? አሉኝ። አይጎዳውም፣ በጎማ ቱቦ ይታጠባል አልኳቸው። ጨውስ? አሉ። ጨውም አይነካውም አልኳቸው። እንግዲያማ የሥራ መኪና ሆኗል አሉ። ከዚያ የቀኝ እግራቸውን አንሥተው ጫማቸውን ከበሩ ደፍ ጋር መታ መታ አደረጉ፣ በረዶው ረገፈ፤ የግራውን ደገሙ፤ ሶሉን አዩ፤ ያልረገፈ ቢኖር እንደገና መቱ። ሙቀቱ ሁሉ በበሩ ወጥቶ አለቀ። ቶሎ ይበሉ አላልኳቸውም። ሲጨርሱ በጫማቸው ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላለፈም። ምንጣፉ ከተነሣ ወዲህ የመንገዱ ድምፅ ውስጥ ድረስ ስለሚሰማ እኔን ይረብሸኛል፣ እሳቸውን ግን ደስ ብሏቸዋል፤ የኋላው የግራ ጎማ ይዘፍናል ብለውኛል፣ እሱንም ላሳይ ነው። ቁስሉ እየጠበበ መጣ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ከፍታ አየችና ገጥሟል አለች። አጥንቱ አልተነካም፣ ጣቱ አይቆረጥም። ሰፋ ያለ ልዩ ጫማ አዛላቸዋለች፣ እሳቸው የሴት ጫማ ይመስላል ቢሉም ያደርጉታል። ከፋሲካ በኋላ ወደ አገር ቤት መመለስ ይችላሉ ብላለች። ይሂዱ አልልም፣ ይቅሩም አልልም። አንቺ ላክልኝ ብለሽኛልና ለራሳቸው ተውኩት፤ እሳቸው እሺ ብለዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ወለሉ ከተቀባ በኋላ ለሠራተኞቼ ከእንግዲህ እንደፈለጋችሁ ግቡ፣ ይታጠባል ብያቸው ነበር። ከትናንት ወዲያ ወደ ማታ ኢዮብን ለማንሣት ፓርክዴል ወደሚባለው ሰፈር ስሄድ አባባ ልናፈስ ብለው አብረውኝ ወጡ። ኢዮብ አንጋፋው ሠራተኛዬ ነው፣ የልጆች አባት፣ ቁመቱ የቫኑን ጣራ ይነካል። ብርዱን ሸሽቶ እየሮጠ መጣና በረዶ የተሸከመ ቦቲውን ይዞ ዘሎ ገባ። አባባ ከፊት ወንበር ዞረው አዩት። አንተ ልጅ፣ ውረድ አሉት። ኢዮብ ቀልድ መሰለውና እንደምን አመሹ አባቴ አለ። ውረድ አሉት ደግመው። ይህ የልጄ መኪና ነው። አራግፈህ ግባ።

ወረደ። ያ የሚያክል ሰው በረዶ ላይ ቆሞ እንደ ተማሪ ቦቲውን ሲያራግፍ እኔ የፊቱን መስታወት ትክ ብዬ እያየሁ የዝናብ መጥረጊያውን አበራሁ፣ ዝናብ ግን አልነበረም። ትናንት ደግሞ ሦስቱም ሠራተኞቼ ሳይታዘዙ አራግፈው ገቡ። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ሳለሁ እኔም አራገፍኩ።

ለጋሽ ክፍሌ የከበረ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። አቢይን ሳሚልኝ፣ ፊደል የሚጽፍበትን እጁን እንዳያሰንፍ በይው። አክስቴ ጠጂቱን እግሩ አለ፣ ቆጥሬ አይቻለሁ በያቸው። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ውብአለም ስለ ወገብሽ ታስባለች፣ የሚቀባ መድኃኒት ለሰው ሰጥታ ልካለች። ናዝራዊት አክስቴን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ይህችን በአማርኛ ነው ያለችው። አባባ አሁን አጠገቤ ሆነው ጫማቸውን በብሩሽ እየወለወሉ ለማን ነው የምትጽፈው? አሉኝ። ለእትዬ አጸደ አልኳቸው። ስለ እግሬ ነው? አሉ። አዎ፣ ስለ እግርዎ ነው አልኳቸው።

ታናሽ ወንድምሽ ፀጋዘአብ ሙሉነህ
ቶሮንቶ፣ ካናዳ
መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.